በስቱድቤከር እስከ ዴንተን

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቆቹ ነው። እኔ የማወራው ግን ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ስለሆነ ጠያቂዎቼ ሻያቸውን ይጨርሱና «ሌላስ ምን አየሽ?» ይሉኛል። ሌላም አይቻለሁ። ቢሆንም ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት የመኪናዋ ነገር ነው፤ ቁጭ ብዬ መጻፍ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው።

ለማያውቀኝ፣ ዘሃራ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ የተግባር አስተማሪ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ሰዒድ ዳላስ አካባቢ ከከተመ ቆይቷል። «አንድ ጊዜ መጥተሽ እዪን» እያለ ሲወተውተኝ ኖሮ በመጨረሻ ቪዛው ተሳካልኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ዳላስ። ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ውቅያኖሱን ተሻገረች፤ እኔም እንዳልቀሰቅሳት ስል አንገቴን ሳላዞር ደረስኩ።

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሚቀበልህን ሰው ገና ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ሆነህ ታየዋለህ። ዳላስ ግን ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው የሚያመላልስ ባቡር አለ። ወደ መውጫው የሚወስደኝ መስሎኝ ተሳፈርኩና ዙሪያውን አዙሮ መጀመሪያ የተሳፈርኩበት ቦታ መለሰኝ። ደግሜ ተሳፈርኩ፤ ደግሞ መለሰኝ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሁለቴ ሳልፍ አይታኝ ኖሮ የምትገፋውን ጋሪ ግድግዳ አስጠግታ አቆመችና ክንዴን ይዛ እስከ ሻንጣ መቀበያው አደረሰችኝ። የኤልሳልቫዶር ሰው ናት። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት አገሬን እንደምታውቀው ሁሉ አቅፋ ሳመችኝ።

ሰዒድ በስልክ ይጮሃል። «ዘሃራ፣ አብሽሪ! ሶ፣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ። ፓርክ አድርጌ መጣሁ፣ ኦኬ?»

ቤቱ ግራንድ ፕሬሪ ነው። እስኪደርስ ድረስ ግራና ቀኙ መጋዘን ነው፤ አንዱ መጋዘን ብቻውን ከደሴ ፒያሳ እስከ አራዳ ሰፈር የሚደርስ ይመስላል። መሬቱ በውሃ ልክ ተለክቶ የተነጠፈ ነው የሚመስለው፤ ዓይኔ ተራራ ሲፈልግ ዋለ። የሰዒድ ባለቤት ፋጡማ ከሆስፒታል ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ጠበቀችኝ። በልቼ ሳልጨርስ እንቅልፍ ጣለኝ።

ሐሙስ

ሁለቱም ሥራ ሄዱ። ሰፈሩን ልይ ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ቤቶቹ ያማሩ ናቸው፣ ሣሩ የታጨደ ነው፤ ሰው ግን የለም። ደሴ ላይ ከቤትህ ወጥተህ አስፋልት እስክትደርስ ድረስ ስንቱን ሰላም ትላለህ! እዚህ ሰላም ያልኩት አንድ ውሻ ብቻ ነው።

ጥግ ላይ ካለው ቤት አንድ ሽማግሌ ከዘራ ተደግፈው፣ እያነከሱ ወደ እኔ መጡ።

«ችግር አለ? መኪናሽ ተበላሸ?»

«የለም፣ በእግሬ እየሄድኩ ነው» አልኩ።

«ወዴት?»

«ወዴትም።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ውሃ ጠጪ» አሉኝ። ዋልተር ይባላሉ። ሰዒድ «ጋሼ ዋልተር» ነው የሚላቸው፤ ጋሼ ማለት ምን እንደሆነ ስለነገራቸው ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። የጋራዣቸው በር ክፍት ነበር፤ እውስጡ አንዲት ሰማያዊ፣ ክብ ክብ መብራት ያላት መኪና ቆማለች። ጠጋ ብዬ ሳይ የማርሽ ዘንጓ ወለሉ ላይ ሳይሆን መሪው ሥር ነው።

«ስንት ማርሽ ናት?» ስላቸው ውሃውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «ሦስት» አሉ። «ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ።»

ስቱድቤከር ናት፤ ሞዴሏ ላርክ ይባላል፣ የወፍ ስም ነው። ታሪኳን የነገሩኝ ወንበር አውጥተው አስቀምጠውኝ ነው። የቴክሳስ እንግሊዝኛ ለጆሮዬ ከባድ ቢሆንም እሳቸው ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ብዙው ገባኝ። ስቱድቤከርን የመሠረቱት ወንድማማቾች መኪና ከመሥራታቸው በፊት የፈረስ ጋሪ ይሠሩ ነበር። ጋሪ ሠሪው ብዙ ነበር፤ ዘመን ሲለወጥ አብሮ ተለውጦ መኪና መሥራት የቻለው ግን ጥቂት ነው። የዋልተር አባት ፎርት ወርዝ ውስጥ ይህንኑ መኪና የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገበያውን ሲይዙት ስቱድቤከር ተዘጋ፤ የአባትየው ሱቅም አብሮ ተዘጋ። ሱቁ ውስጥ ለዕይታ ቆማ የቀረችውን የመጨረሻ መኪና አባትየው ለልጃቸው ለሩት ሰጧት።

«ለእኔ አይደለም» አሉ ዋልተር እየሳቁ። «ለእህቴ። እኔ ፍሪሲዮን አቃጥል ነበር።»

ዋልተር ከዚያ በኋላ አርሊንግተን ያለው መኪና መገጣጠሚያ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ በር ሲገጥሙ ኖሩ። በር የገጠሙላቸው ፖንቲያክና ኦልድስሞቢል የሚባሉት የመኪና ዓይነቶችም ዛሬ አይሠሩም። አዝናለሁ ልላቸው ስል ቀደሙኝ። «ፋብሪካው እኮ አለ። ዛሬም ከዚያው በር አዲስ መኪና ሲወጣ አያለሁ። ስሙ ነው የሚሞተው፤ የሚሠራው እጅ ሌላ ስም ይዞ ይቀጥላል።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። ደነቀኝ። እኔ በዚያ ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ተማርሬ ነበር፤ ደሴም ማርሽ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ፣ ተማሪዎቼ «ማርሽ መማር ምን ያደርግልናል?» እያሉኝ ነበር።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገሩኝ። ሩት የሚኖሩት ወደ ሰሜን፣ ዴንተን የምትባል ከተማ ነው፤ ቅዳሜ ዘጠና ዓመት ይሞላቸዋል። እሳቸው መንዳት ካቆሙ ወዲህ ዋልተር ጋ የቆመችውን መኪና ግን ሰኞ ከሂውስተን የሚመጣ ሰው ሊወስዳት ነው፤ አሮጌ መኪና ይሰበስባል። የዋልተር ግራ ጉልበት ከቀዶ ሕክምና ወዲህ ፍሪሲዮን መርገጥ አልቻለም። እህታቸው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲሳፈሩባት ፈልገው የሚነዳላቸው ሰው ሰፈሩን ሁሉ ጠየቁ፤ የሚችል ጠፋ።

«እኔ እችላለሁ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው።

ዓርብ

ሰዒድ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ዘሃራ፣ ዊዝ አውት ልምምድ ሃይዌይ ላይ? ማለቴ፣ እዚህ እኮ ሰው ይበራል!» ሰዒድ መንዳት የተማረው አሜሪካ ነው፤ የሚነዳው ከባድ መኪናም ማርሹን ራሱ ይለውጣል። እንዲህም ሆኖ ኢንሹራንስ ጋ ኮል አድርጎ ስሜን አስገባ፣ መንጃ ፈቃዴን ከነትርጉሙ አሳየ፤ ቅዳሜም ከኋላችን ሊከተለን ቃል ገባ። ፋጡማ ደግሞ ከጁምዓ መልስ ሳምቡሳ ጠበሰችልን፤ ወደ ሌላ አገር የምንሰደድ ነበር የመሰላት።

ከሰዓት በኋላ ዋልተር ግቢ ልምምድ ጀመርኩ። ስንት ሰው መንገድ ያስያዝኩ አስተማሪ ነኝና ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ላርክ ላይ አንደኛ ማርሽ ወደ ራስህ ስበህ ወደ ታች ነው፤ ወደ ራስህ ስበህ ወደ ላይ ካደረግከው የኋላ ማርሽ ነው። እኔ ወደ ላይ አደረግኩት። ወደ ፊት ስጠብቅ ወደ ኋላ ተወርውሬ የቆሻሻ ገንዳቸውን ገለበጥኩት፤ ገንዳው መንገድ ተሻግሮ ጎረቤት ሣር ላይ አረፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ዋልተር ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው «አሁን የኋላ ማርሹ የት እንዳለ አወቅሽ፤ ለጅምሩ እሱን ማወቅ ይበቃሻል» አሉኝ። ጎረቤትየው ራሱ ገንዳውን እየጎተተ መልሶ አመጣና ቆሞ ያይ ጀመር። እስኪመሽ ስንለማመድ የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ወጣ፤ ሐሙስ ዕለት ሰው የለም ያልኩት ሰፈር ማለት ነው! እጄ ማርሹን እየለመደ ሲሄድ ያጨበጭቡልኝ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ተነሳን። ዋልተር አጠገቤ፣ ሰዒድ በራሱ መኪና አደጋ ማሳያውን እያብለጨለጨ ከኋላችን። የቀኙን መስመር ይዤ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ከባድ መኪኖች ሲያልፉን ላርክ ትንቀጠቀጣለች፤ ቢሆንም አንድም ሰው ጥሩንባ አልነፋብንም። ሁሉም ሲያልፍ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት አውራ ጣቱን ያሳየን ነበር። ደሴ ላይ የማሠልጠኛ መኪና ይዘህ ብትዘገይ ምን እንደምትባል እኔ ነኝ የማውቀው።

ካሮልተን ስንደርስ አንዱን አውራ ጎዳና ለቀን ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ ላይ ወጣን። ጠፍጣፋ አገር ነው ብያለሁ፤ ዳገታቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ድልድዩ ወደ ሰማይ ይወጣል። ወደ አናቱ ስንቃረብ የፊታችን መኪኖች በሙሉ ቆሙ፤ እኛም ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ቆምን። በመስታወት ሳይ ሰዒድ ከኋላዬ ተጠግቶ ቆሟል፤ ከሱ ኋላ ጭነት የያዘ ትልቅ መኪና አለ።

የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ልል ነው፤ አይዝም። እግር ፍሬኑን ብለቅ ወደ ኋላ እንደምንሸራተት ታየኝና ላብ አጠመቀኝ። ሰዒድ ስልክ ደወለ፤ ዋልተር ድምፁን ከፍ አድርገው ያዙልኝ። «ዘሃራ፣ በአላህ፣ ባክ እንዳታደርጊ! ከኋላዬ ትራክ አለ!»

«ሚስተር ዋልተር፣ የእጅ ፍሬኑ አይሠራም» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ እንደ ቀላል ነገር። «ፍሪሲዮኑን እንደረገጥሽ ፍሬኑን ልቀቂው።»

«እንሸራተታለን!»

«እመኚኝ፤ ልቀቂው።»

ፍሬኑን ለቀቅኩ። መኪናዋ ፍንክች አላለችም። ዳገት ላይ፣ ፍሬን ሳይያዝ፣ እንደ ድንጋይ ቆመች። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ ወደ ኋላ አንዲት ስንዝር ሳትል ወደ ፊት ሄደች።

ጮህኩ። ዋልተር እስኪያስላቸው ሳቁ። ስቱድቤከሮች ከጥንት ጀምሮ ለዳገት ብለው የሠሩት ነገር ነው፤ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ እስካልተለቀቀ ድረስ ፍሬኑ በራሱ ይዞ ይቆያል። ዛሬ የአዲስ መኪና ሻጮች እንደ ትልቅ ግኝት የሚያወሩለትን፣ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው ኩባንያ ቀድሞ ሠርቶት ነበር። ደሴ ላይ ስንቱ ተማሪዬ ዳገት ላይ አልቅሷል! እነዚህ ሰዎች ለደሴ ልጆች ያሰቡ መሰለኝ። ኩባንያው ጠፍቷል፤ ያ ሐሳብ ግን እግሬ ሥር ይሠራ ነበር።

ቤንዚን ለመቅዳት ወርደን ሳለ ሰው ከበበን። አንድ ሰው «አያቴ እንደዚህ ያለች ነበረችው» ብሎ ኮፈኑን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና መንገዱን ቀጠለ። ሰዒድ ሳምቡሳውን ለከበበን ሁሉ አደለው። ከዚያ አንድ ሰፊ ሐይቅ ተሻግረን ዴንተን ገባን።

የሩት ቤት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ነው። አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ልጅ ኤሚሊ እዚያው ትማራለች። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ሩት ያለ ምርኩዝ በረንዳው ላይ ወጡ፤ አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ገና እንኳን አደረሰዎት ሳንላቸው መኪናዋን ዞረው አዩና ገብተው ተቀመጡ። ከተማውን አዞርኳቸው፤ ማርሽ በለወጥኩ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ኬኩ ተቆርጦ ሳለ ዋልተር ስለ ሰኞ ነገሯቸው። ሩት ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ማንን ጠይቀህ?»

«ጋራዥ ውስጥ ቆማ ከምትዝግ የሚንከባከባት ሰው ይውሰዳት ብዬ ነው።»

«ያ ሰውዬ አይነዳትም፤ አጥቦ ያቆማታል። አባባ የሰጠኝ እንድነዳት ነው።»

«አንቺ ዘጠና ዓመትሽ ነው ሩት። እኔ ጉልበት የለኝም። ማን ይንዳት?»

ሩት ወደ ኤሚሊ ጠቆሙ። ኤሚሊ ቀላች። «አያቴ፣ እኔ እኮ ማርሽ አልችልም።» ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሰዒድን አየሁት። «ኦኬ፣ ኦኬ» አለ እጁን አንስቶ። «ሰኞ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ።»

እሑድ

እኔም ዋልተርም ያደርነው ሩት ቤት ነው። አልጋዬ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበውልኛል፤ አፍሪካ ሞቃት ስለሆነ ይበርዳታል ብለው። ደሴ ከዴንተን እንደምትበርድ ብነግራቸውም አላመኑኝም።

ቁርስ ላይ ሩት የአሳማ ሥጋ ጠብሰው አቀረቡ። አልበላም ስላቸው ምክንያቱን ሳይጠይቁ ገበታውን በሙሉ አነሱት። ሌላ መጥበሻ አውጥተው በሳሙና ሁለት ጊዜ አጥበው እንቁላል እንደ አዲስ ጠበሱልኝ። ለሶላት ስነሳ ደግሞ ያልተነካ ፎጣ አመጡልኝ፤ ኤሚሊ የምሰግድበትን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ በስልኳ ፈልጋ ሰሜን ምሥራቅ መሆኑን አሳየችኝ። ሩት እስክጨርስ ሬዲዮናቸውን ዘግተው ጠበቁኝ።

ከዚያ ኤሚሊን ይዤ እሑድ ባዶ ወደሚሆነው የዩኒቨርሲቲው መኪና ማቆሚያ ሄድኩ። ሞተሩን አጠፋችው። ደግማ አጠፋችው። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች፤ የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ።

«አልችልም። ደግሞ ማን ይጠቀምበታል? በዚህ ዘመን?»

ደሴ ላይ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው። መልስ አዘጋጅቼ አልነበረም፤ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ስልክሽን አስቀምጪ። ዓይንሽን ጨፍኚና ሞተሩን ስሚው። ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ድምፁ ይከብዳል፤ እዚያ ላይ እግርሽን አቁሚ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እግሯ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ድምፁ ከበደ፣ እግሯ ቆመ። መኪናዋ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ኤሚሊ ዓይኗን ከፍታ «እየሄደች ነው!» ብላ ስትጮህ መሪውን ረሳችው፤ እኔ ያዝኩላት። እስኪመሽ ዞርን።

ሰኞ

የሂውስተኑ ሰው መኪና መጫኛ ይዞ ሩት ቤት መጣ። ዋልተር መኪናዋ ዴንተን እንዳለች በጽሑፍ ከመላክ በቀር ቅዳሜም እሑድም ሊደውሉለት አፍረው ቀርተዋል፤ ቃል ሰጥተውታልና። በረንዳው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት እያዩ እውነቱን ነገሩት። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ያን ያህል መንገድ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው፤ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ።

«የምትነዳው ልጅ የትኛዋ ናት?» አለ።

ኤሚሊ ቁልፉን ይዛ ወጣች። ከጎኗ ልቀመጥ ስል ሩት ቀሚሴን ሳብ አድርገው «ተዪያት» አሉኝ። ሰውየው ከኤሚሊ ጎን ገባ። ላርክ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨች፤ እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ በባዶ ወለል ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ከዚያ ሄደች። ጥጉ ጋ ሁለተኛ ስታስገባ ሰማን፤ ከእይታ ወጥታ ሦስተኛ ስታስገባም ሰማን።

ሲመለሱ ሰውየው ፊቱ በርቶ ነበር። «እኔ የምሰበስበው የሚነዳቸው ያጡትን ነው፤ ይህቺ አላጣችም» አለ። መለዋወጫ ቢቸግራቸው እንዲደውሉለት ቁጥሩን ለኤሚሊ ሰጣት፤ የእጅ ፍሬኑን ሽቦም እራሱ እንደሚልክ ነገራት። ከሩት ኬክ አንድ ቁራጭ በወረቀት ይዞ ባዶውን መጫኛ እያንኳኳ ሄደ።

ዋልተር እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። «የአባቴ ሱቅ ሲዘጋ፣ እኔም ፋብሪካ ሳለሁ፣ የመጣው ሁሉ ጭኖ ነው የሄደው» አሉ። «ባዶውን ሲመለስ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።»

ከዚያ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው፣ በሁለት እጃቸው የመኪናዋን ጣሪያ ይዘው፣ ግራ ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ከኋላ ወንበር ገቡ። ሩት ቀድመው ገብተው የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ኤሚሊ ሞተሩን አስነሳች።